ለልጅ ልጆቻችን የትኛውን ጀግና እናስነብባቸው?

ፎጣ ትከሻው ላይ አስሮ ከመደብ ላይ «በረርኩ!» እያለ የሚዘል ልጅ በቤታችሁ አለ? ካለ የዛሬው ጨዋታዬ ከእናንተ ጋር ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች በነርስነት ሳገለግል፣ እንደ ሸረሪት ሰው ግድግዳ ልውጣ፣ እንደ ሱፐርማን ከዋንዛ ላይ ልብረር ብሎ ክንዱን የሰበረ ልጅ ስንት ጊዜ መጥቶልኛል። ክንዱን በጣውላ ደግፌ አስሬ ወደ ሆስፒታል እልካለሁ። ልጁ ያለቅሳል። እናት «ይኼ ፊልም ነው ልጄን ያሳበደብኝ» ትላለች። አባት ደግሞ «ሁለተኛ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ብትገባ!» ብሎ ይዝታል።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እኔም በቤቴ የሚበርሩና የሚዘሉ የልጅ ልጆች አሉኝ። አዲስ አበባ ያለው ልጄ ለዓመት በዓል ሲመጣ ኮሚክ የሚባሉትን የሥዕል መጻሕፍት ይዞላቸው ይመጣል። ባሕር ማዶ ያሉት ዘመዶቻችንም ከልብስና ከጫማው መሐል ሸጉጠው ይልካሉ። ለልጅ የሚሰጠውን ነገር መጀመሪያ ራስ ቀምሶ ማየት የሙያዬ ልማድ ስለሆነ መነጽሬን አድርጌ አንድ በአንድ አነበብኋቸው። አንዳንዱን መልሼ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥሁት። አንዳንዱን ግን ልጆቹ ከተኙ በኋላ እንኳ ሳልጨርስ መተኛት አልቻልሁም። ከዚህ ያገኘሁት ምክር አጭር ነው፤ ልጅን ጀግና ከመከልከል ጀግና መምረጥ ይሻላል። ከመረጡ በኋላም ለልጁ ሰጥቶ መሄድ ሳይሆን አጠገቡ ቁጭ ብሎ አብሮ ማንበብ ነው።

ኮሚክ ምን እንደሆነ ለማያውቁ እኩዮቼ ልንገራቸው። ገጹ በሣጥን በሣጥን ይከፈላል። በየሣጥኑ ሥዕል አለ፤ ሰዎቹ የሚናገሩት ከራሳቸው በላይ ደመና በመሰለ ክብ ውስጥ ይጻፋል። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እየተከተሉ ማንበብ ነው። ሱፐር ሂሮ የሚባለው ደግሞ ከሰው የተለየ ኃይል ያለው ጀግና ነው፤ ይበራል፣ ብረት ያጥፋል፣ ወይም በግድግዳ ላይ ይራመዳል።

«ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው» የሚል አያት ካለ፣ እስቲ የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ የሚያሳየውን የሸራ ሥዕል ያስታውስ። ብዙውን ጊዜ በ44 ሣጥን ተከፍሎ የሚሣለው ያ ሥዕል ከዘንዶው ይጀምራል፤ ንግሥቲቱን ወደ ኢየሩሳሌም ያደርሳታል፤ ከሣጥኖቹም ሥር ጽሑፍ አለው። ፊደል የቆጠረው ያነባል፤ ያልቆጠረው ሥዕሉን ተከትሎ ታሪኩን ይረዳል። በጣና ዳርና በደሴቶቹ ያሉ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳም እንዲሁ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ተቀምጦ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ፣ ብሩታዊትም ከዛፍ ላይ ሆና ስታይ ያላየ የጎጃም ልጅ የለም። ደካማን ለማዳን ከአስፈሪ አውሬ ጋር የሚጋጠም ኃያል ሥዕል ለእኛ እንግዳ አይደለም ማለት ነው። እኔም በገጠር ሳስተምር ከሁሉ የረዳኝ የግድግዳ ላይ ሥዕልና ገጹ የሚገለጥ ሥዕላዊ ማስተማሪያ ነበር። ስለ ተቅማጥና ስለ ሰውነት ፈሳሽ መጥፋት ግማሽ ቀን ከማወራ፣ ዓይኑ የጎደጎደ ሕፃን ሥዕል ባሳይ እናቶች ቶሎ ይገባቸው ነበር።

የዛሬዎቹ ሱፐር ሂሮዎች አባት የሚባለው ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1938 ለንባብ የበቃ ነው። የፈጠሩት ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የሚባሉ ወጣቶች ሲሆኑ፣ ሁለቱም ወደ ሰሜን አሜሪካ የተሰደዱ የአይሁድ ቤተሰቦች ልጆች ነበሩ። የፈጠሩት ጀግናም ስደተኛ ነው፤ አገሩ ጠፍቶበት በሕፃንነቱ ሌላ ምድር ላይ የወደቀ፣ ገበሬዎች አንሥተው ያሳደጉት ልጅ ነው። በ1962 የመጣው የሸረሪት ሰው ደግሞ ወላጆቹን ያጣና አጎቱና አክስቱ ያሳደጉት ነው። እኛ የልጅ ልጆቻችንን የምናሳድግ አያቶች እነዚህን ታሪኮች ስናነብ የራሳችን ጎጆ ውስጥ ያለ ነገር እናገኛለን። ትንሹ የልጅ ልጄ ስለ ሸረሪቱ ሰው ሲያጫውተኝ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ነገርሁት። «ታዲያ እሱ ብቻውን ለምን ይታገላል? ጓደኞቹን አይጠራም?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ከመጽሐፉ ይበልጣል።

በኮሚክ መጽሐፍ ልጅ ይበላሻል የሚለው ፍርሃት አዲስ አይደለም። በኒው ዮርክ ይሠራ የነበረው የአእምሮ ሐኪም ፍሬድሪክ ዌርታም እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ኮሚክ ልጆችን ወደ ወንጀል ይመራል ብሎ የአሜሪካን ወላጆች አስደነገጠ። ጉዳዩ ምክር ቤት ድረስ ደርሶ አሳታሚዎች በዚያው ዓመት ራሳቸውን የሚቆጣጠሩበት ጥብቅ ደንብ አወጡ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ካሮል ቲሊ የተባለች ተመራማሪ የሐኪሙን ማስታወሻዎች ስትመረምር፣ ልጆቹ የተናገሩትን ለክርክሩ እንዲመቸው እየለወጠ እንደጻፈ አገኘች፤ ጥናቷም በ2012 ታተመ። እኔ ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ የተናገረውን አጣርቶ መቀበል ያስፈልጋል፤ ይህን የምለው ራሴም ነጭ ጋዋን ለብሼ ስለኖርሁ ነው። ሁለተኛ፣ መጽሐፉን ሳይገልጡ መኮነን አይገባም። በዚያው ልክ ግን ሁሉም ኮሚክ ለልጅ ነው ማለት አይደለም። ደም በገጹ ሙሉ የሚፈስበት፣ ሴቷ ራቁቷን ቀርታ የተሣለችበት፣ ለአዋቂ ብቻ ተብሎ የተሠራ ብዙ አለ።

ለሁሉም ዕድሜ የሚሆን መጽሐፍ ምን ዓይነት ነው? ሰው ለሁሉም ዕድሜ ሲባል አጥሚት ይመስለዋል፤ ለሕፃኑ ይመቻል፣ አዋቂውን ግን አያጠግበውም። እኔ የምፈልገው እንደ ገበታ ያለውን ነው። አንድ እንጀራ ቀርቦ ሕፃኑ አልጫውን፣ ትልቁ ቀዩን፣ ጥርስ የሌለው አያት ፍትፍቱን ከዚያው ትሪ የሚያነሣበት ዓይነት መጽሐፍ ነው። የስድስት ዓመቱ ልጅ በሥዕሉ ይደሰታል፤ የአሥራ ሁለት ዓመቷ በታሪኩ ትጨነቃለች፤ እኔ ደግሞ ከታሪኩ ሥር ያለውን ሐሳብ አነሣለሁ።

መጽሐፉን ለልጅ ከመስጠቴ በፊት የምጠይቃቸው አራት ጥያቄዎች አሉኝ። የመጀመሪያው «ጀግናው ኃይሉን ለማን ነው የሚጠቀምበት?» የሚል ነው። ለራሱ ክብርና ለበቀል ብቻ ከሆነ ይቅር እላለሁ። ሁለተኛው «ሰው ሲመታ ያመዋል ወይ?» ነው። ሰው ከፎቅ ተወርውሮ አቧራውን አራግፎ የሚሄድበት መጽሐፍ ልጅን ያታልላል፤ አጥንት እንደሚሰበር እኔ አውቃለሁ። ሦስተኛው «ሴቶቹ ምን ይሠራሉ?» ነው። ሥራቸው መጮህና መታገት ብቻ ከሆነ ለሴት ልጆቻችን ምን ይነግራቸዋል? አራተኛው መልስ የሚያገኘው ከንባቡ በኋላ ነው፤ «ልጁ መጽሐፉን ዘግቶ ምን ጨዋታ ይጫወታል? ምንስ ይጠይቃል?» የሚል ነው። ከውጭ ለሚላኩት ደግሞ ምልክታቸውን እዩ። ማርቭል የተባለው ታላቅ አሳታሚ በመጻሕፍቱ ላይ ለሁሉም ዕድሜ፣ ለታዳጊ፣ ከፍ ላለ ታዳጊ፣ ወላጅ ይወቀው እያለ ደረጃ ያወጣል። ምልክቱ ይረዳል፤ የእናንተን ዓይን ግን አይተካም።

አሁን ወደ ራሳችን አገር መጻሕፍት ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2018 በስራት ደበበ የተባለ ኢትዮጵያዊ ዕጣን ኮሚክስ በሚል ስም ባቋቋመው አሳታሚ በኩል «ጀምበር» የተባለ ኮሚክ አወጣ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተዘጋጅቷል። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ይባላል። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው፤ ሳያስበው ልዩ ኃይል ያገኛል። ይህን ሳነብ በእኛ ሰፈር ዲግሪያቸውን በክፈፍ አድርገው ግድግዳ ላይ የሰቀሉ፣ በየቀኑ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የሚቆሙ ልጆች ትዝ አሉኝ። እነዚህ ልጆች በመጽሐፍ ውስጥ ራሳቸውን የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ በቀልድ ወይም በሐዘን ነው። እዚህ ግን ሥራ ፈላጊው ራሱ ጀግና ሆኖ መጣ። ታሪኩ ከፍ ላሉ ልጆች የሚስማማ ነው፤ ከአሥር ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን አዋቂ አጠገቡ ሆኖ ቢያነብለት እመርጣለሁ። የአማርኛውን ግልባጭ ብትመርጡ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ትምህርት ቤት «አንብብ» ሲባል ፊቱን የሚያጨልም ልጅ፣ ጀምበር ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ፊደሉን ራሱ ሲያሳድድ ታዩታላችሁ።

ከጀምበር ቀጥሎ ያው አሳታሚ «ሐዊ» የተባለችውን ሴት ጀግና አመጣ። አሜሪካ ያደገች ወጣት ከእናቷ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ትመጣለች፤ እናቷ ትታገታለች፤ ልጅቱም እናቷን ለማዳን ትነሣለች። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ በልማድ የምትታገተው ልጅቱ፣ የሚያድነውም ወንዱ ነበር። እዚህ ግን ለእናቷ የምትደርስላት ሴት ልጇ ናት። ባሕር ማዶ የልጅ ልጅ ያላችሁ አያቶች ይህን መጽሐፍ ብታስልኩላቸው ደስ ይላቸዋል። በስልክ «እንዴት ነሽ፣ እንዴት ዋልሽ» ከተባባላችሁ በኋላ ወሬ ሲያልቅባችሁ፣ «የሐዊ እናት ተገኘች ወይ?» ብላችሁ የምትቀጥሉበት ጨዋታ ይሆንላችኋል።

ለእኔ ከሁሉ የቀረበኝ ግን የብሩክታዊት ጥጋቡ ሥራ ነው። ብሩክታዊትን ብዙዎቻችን የምናውቃት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው የሕፃናት ፕሮግራም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን ያገኘው፣ ቀጭኔዋ ፀሐይ ልጆችን የምታስተምርበት ማለቴ ነው። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊትና ባልደረቦቿ በኋላ «ጥበብ ገርልስ» የተባለውን የካርቱንና የሥዕል ታሪክ ሠሩ። ጀግኖቹ ሦስት ኢትዮጵያውያን ልጃገረዶች ናቸው። የሚዋጉት ከሌላ ፕላኔት ከመጣ ጭራቅ ጋር አይደለም፤ ያለዕድሜ ጋብቻን፣ የወር አበባን ነውር አድርጎ መደበቅን፣ ልጃገረድን ከትምህርት ማስቀረትን ነው የሚጋፈጡት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ፣ ከዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄ ጋር ይህንኑ በስልክ ስናይ ጎረቤቴ መጡ። ዕድሜያቸው ከእኔ ከፍ ይላል፤ ገጠር ተድረው ኖረው በስተርጅና ወደ ከተማ የገቡ እናት ናቸው። አንዲት ትንሽ ልጅ ልትዳር ስትል ጀግኖቹ ሲደርሱላት ሲኒያቸውን ይዘው ዝም ብለው አዩ። ከዚያ «እነዚህ ልጆች ያን ጊዜ የት ነበሩ?» አሉ። የልጅ ልጄ ዞር ብላ «እማማ፣ እርስዎ ሲያገቡ ስንት ዓመትዎ ነበር?» አለቻቸው። «ጥርሴን ነቅዬ ሳልጨርስ ነው ልጄ» አሏት። ሳቁ፤ እኛ ግን አልሳቅንም። ያን ዕለት ሁለት ሲኒ ቡና ለሦስት ሰዓት ቆየ። ልጅቱ ከእኚህ እናት የሰማችውን እኔ በአሥር ትምህርት አላስተማርኋትም።

ይህ ጉዳይ በምዕራብ ጎጃም ቀልድ እንዳልሆነ የእኔ ትውልድ የጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቃል። ዳሌዋ ሳይሰፋ ያረገዘች ልጅ ምጥ ሲመጣባት ቀናት ይቆጠራሉ። የሕፃኑ ራስ የፊኛዋን ግድግዳ ተጭኖ ደም እንዳይደርሰው ያደርጋል፤ የተጎዳው ሥጋ ይሞትና ቀዳዳ ይቀራል። ፌስቱላ የምንለው ይህ ነው። ልጅቱ ሽንቷን መቆጣጠር ያቅታታል፣ ባል ይሸሻታል፣ ሰው ይርቃታል። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የከፈቱት ሆስፒታል፣ በኋላም በ2005 ባሕር ዳር የተከፈተው ማዕከል ስንቶቹን አድኗል። የቤተሰብ ሕጉ ደግሞ በ1992 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ወስኗል። ሕግና ሐኪም ግን ብቻቸውን ልማድን አይለውጡም። እ.ኤ.አ. በ2004 ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቀው ሞሰቦ «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር። ልጃገረዶች በቡድን እየተሰበሰቡ ይማራሉ፤ የትምህርት መሣሪያ ይሰጣቸዋል፤ ወላጆች በየጊዜው ተቀምጠው ስለ ጉዳዩ ይወያያሉ፤ ልጃቸውን ሳይድሩ ሁለት ዓመት የቆዩ ቤተሰቦችም የቤት እንስሳ ይሰጣቸዋል። ውጤቱ ሲጠና ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የማግባት ዕድላቸው በእጅጉ ቀንሶ ተገኘ። ሰው የሚያስታውሰው እንስሳውን ነው። እኔ ግን ውይይቱንም እቆጥራለሁ። ነውር ተብሎ የተቀበረ ነገር ሲነገር ኃይሉ ይቀንሳል፤ «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» እንደሚባለው ጥሩ የሥዕል ታሪክ ያን ንግግር ይከፍታል። አባት ሴት ልጁን በቀጥታ ሊጠይቃት የሚያፍረውን፣ «ይህችስ ለምን ከትምህርት ቤት ቀረች?» ብሎ ሥዕሉን እያሳየ ሊጠይቃት ይችላል።

ከአፍሪካ ጎረቤቶቻችንም የሚመረጥ አለ። ናይጄሪያዊው ሮዬ ኦኩፔ የፈጠራት «ኢያኑ» ወላጅ አልባ ልጃገረድ ናት፤ ታሪኳ በዮሩባ ሕዝብ ባህል ላይ የተመሠረተ ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ታትሟል፤ በ2025 ደግሞ በካርቱን ፊልም ቀርቧል። የደቡብ አፍሪካው ሎይሶ ምኪዜ የሠራው «ክዌዚ» በትልቅ ከተማ የሚኖር፣ መጀመሪያ ኃይሉን ለዝናው የሚጠቀም፣ እያደገ ሲሄድ ግን ኃላፊነት የሚገባው ልጅ ነው። ከአሜሪካኖቹ ደግሞ በ2014 የራሷ መጽሐፍ የወጣላት ካማላ ካን አለች፤ ከፓኪስታን የመጡ ሙስሊም ወላጆች ያሏት ተማሪ ናት። እናትና አባቷ ሲመሽባት ይቆጧታል፤ እሷም ወላጆቿን ታከብራለች፤ በዚያው ሰውን ትረዳለች። ወላጅን ሞኝ አድርጎ የማያሳይ የሱፐር ሂሮ ታሪክ ብዙ ስለማይገኝ፣ ይህችን ለታዳጊዎች ደፍሬ እመክራለሁ።

ይህን ሁሉ የምለው ያለምክንያት አይደለም። ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን በነበረው ችግር ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። መንገድ ሲዘጋና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅ ቤት ይውላል፤ ያየውንም ይጫወታል። በሰፈራችን ዱላው ሁሉ ክላሽ ሆኗል። ማን ጀግና እንደሆነ ስትጠይቁ መልሳቸው አንድ ነው፤ መሣሪያ የያዘ። እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ፤ ሽለላና ፉከራ ሲሰማ ጸጉሬ ይቆማል፤ በላይ ዘለቀ ጣሊያንን እንዴት እንደተዋጋ እየተነገረኝ ነው ያደግሁት። አገር ሲወረር የሚነሣ ጀግና ክብሩ የማይነካ ነው። ልጅ ግን ከዚያ ሌላ የጀግና ዓይነት ካላየ፣ ጀግንነት የሚለካው በገደለው ሰው ብዛት ይመስለዋል።

ስለዚህ ከመጽሐፎቹ ጎን ለጎን ስለ ሌሎቹ ጀግኖችም እነግራቸዋለሁ። ልጅ ሳለሁ ፊታቸው በፈንጣጣ የተበሳሳ፣ ዓይናቸው የጠፋ ሰዎች በየገበያው ነበሩ። ዛሬ አንድም አዲስ ሕመምተኛ የለም። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ይህን ያደረጉት መርፌያቸውን ይዘው ገደል ወጥተው፣ ወንዝ ተሻግረው፣ በእግርና በበቅሎ ከጎጆ ጎጆ የሄዱ ከታቢዎች ናቸው። ካባ የላቸውም፤ አይበሩም። የልጅ ልጆቼ ይህን ሲሰሙ «ስማቸው ማን ይባላል?» ብለው ጠየቁኝ። የአብዛኞቹን ስም ማንም አልጻፈውም። ሱፐር ሂሮ ማንነቱን ደብቆ ሰውን እንደሚረዳ በመጽሐፉ አንብበው ስለነበር ነገሩ ወዲያው ገባቸው።

አብሮ ስለማንበብ ጥቂት ተግባራዊ ነገር ልጨምር። መጀመሪያ ልጁ ሥዕሉን ብቻ እያየ ታሪኩን ይንገራችሁ፤ ከዚያ ጽሑፉን አንብቡ። ማንበብ የማትችሉ አያቶች ከዚህ ገበታ አትቅሩ፤ ልጁ ያንብብላችሁ፣ እናንተ ጠይቁት። «እዚህ ላይ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ብቻ ይበቃል። ድምፃችሁን ለክፉው ሰው አወፍሩት፤ ለሕፃኑ አቅጥኑት፤ ጀግናው ሲመጣ ደግሞ ፎክሩለት። በስልክ የምታሳዩ ከሆነ ብርሃኑን ቀንሱ፤ ከመኝታ ሰዓት በፊትም ዝጉት። ኔትወርክ በሌለበት ገጠር የታተመው መጽሐፍ ይሻላል። አንድ መጽሐፍ ለአንድ ቤት ብቻ አይቅር፤ እንደ ወንፈል ከቤት ወደ ቤት ይዙር። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ቅዳሜ በአንድ ግቢ ተሰብስበው ቢያነቡት ወረቀቱ ያረጅ ይሆናል፤ የተገዛው ግን ለዚሁ ነው። ለመብረር የሚዳዳቸውን ደግሞ አስቀድማችሁ አንድ ነገር አስጠንቅቋቸው፤ የሚበረው በወረቀት ላይ ነው።

መጽሐፍ መግዛት የማይችል ቤት ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ወረቀት አራት ጊዜ ብታጥፉት አሥራ ስድስት ሣጥን ይወጣዋል፤ ሦስት ጊዜ ብታጥፉት ስምንት። እርሳስ ስጡትና ልጁ የራሱን ጀግና ይሣል። የእኔ የአሥር ዓመቱ ልጅ መጀመሪያ የሣለው ክላሽ የያዘ ሰውዬ ነበር። አልተቆጣሁትም፤ «ጥይቱ ሲያልቅበትስ?» ብቻ አልሁት። ሁለት ቀን አስቦ ሌላ ወረቀት አመጣ። ክረምት ነው፤ ብር ወንዝ ሞልቷል፤ አንዲት ነፍሰ ጡር በቃሬዛ ላይ ተኝታ ሰዎች ዳር ላይ ቆመዋል። የእሱ ጀግና ክንዱ እንደ ድልድይ ይረዝማል፤ ሴትዮዋም በላዩ ተሻግራ ጤና ጣቢያ ትደርሳለች። በመጨረሻው ሣጥን ሕፃኑ ተወልዶ ያለቅሳል።

ጀግናው ማን እንደሚባል ጠየቅሁት። ስም ገና አላወጣለትም፤ ሁለተኛውን ክፍል ሲሥል እንደሚያወጣለት ነግሮኛል። ወረቀት ግዢልኝ ብሎኛል፤ እገዛለታለሁ።